ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የሚወጡ ጀማሪዎች ስለ ክንድ ድካም ያነሷቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በካፋ፣ በሸካና በጅማ ደኖች ባህላዊ ቀፎ የሚሰቀለው ከፍ ባሉ ዛፎች ላይ በመሆኑ፣ ንብ ማነብ የሚጀምር ወጣት ከንቡ አስቀድሞ ዛፍ መውጣትን መማር ይኖርበታል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ሥራውን በቅርቡ ከጀመሩ ሰዎች የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዛፉን ግማሽ ሳልደርስ ክንዴ ይዝላል፤ መዳፌም አልጨብጥ ይለኛል። ክንዴን ለማጠንከር ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክንድህን ለማጠንከር ከማሰብህ በፊት እግርህን ተመልከት። የክንድ ጡንቻ ከጭን ጡንቻ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ አጥብቀህ ጨብጠህ በቆየህ ቁጥር ደግሞ የተወጠረው ጡንቻ በውስጡ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚጫናቸው ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ማቃጠሉና መዛሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደረቱን ከግንዱ አጣብቆና ክርኑን አጥፎ ይወጣል። በዚህ አኳኋን እግር ቅርፊቱን ወደ ታች ይፍቃል እንጂ ግንዱን አይገፋም፤ ስለዚህ ይንሸራተታል፣ የሰውነት ክብደትም በሙሉ በክንድ ላይ ይወድቃል። ክርንህን ዘርጋ፣ ዳሌህን ከግንዱ አርቅ፣ በእግርህ ግንዱን ግፋ። እጅ የሰውነትን ሚዛን ይጠብቅ፤ ወደ ላይ የሚያነሣህ ጭንህ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጠፍር በግንዱ ዙሪያ አዙሬ እወጣለሁ፤ ነገር ግን ጠፍሩን ወደ ላይ ባነሣሁ ቁጥር እንሸራተታለሁ። ስህተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ምናልባት ጠፍሩን የምታነሣው ክብደትህ ገና በእርሱ ላይ ሳለ ነው። ወደ ኋላ ስታጋድል ጠፍሩ ይወጠራል፣ እግርህም ግንዱን ይገፋል፤ በዚያ ሁኔታ ጠፍሩ አይነሣም፣ በግድ ሊነሣ ሲሞከርም ክንድ ያልቃል። በመጀመሪያ ሁለቱንም እግሮችህን አደላድል፤ ከዚያ ዳሌህን ለአንድ አፍታ ወደ ግንዱ አስጠጋ። ጠፍሩ የሚላላው በዚያች ቅጽበት ነውና በሁለቱም እጆችህ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ወርውረውና ወዲያውኑ ወደ ኋላ አጋድል። ጠፍሩ እንደገና መያዙን በጀርባህ ሳታውቅ እግርህን አታንሣ። እርምጃህም አጭር ይሁን፤ ጉልበቱን እስከ ደረቱ አንሥቶ የሚረግጥ ሰው ቀጣዩን ግፊት የሚጨርሰው በክንዱ ነው። ከዝናብ በኋላ ቅርፊቱ ስለሚያዳልጥ፣ በተለይም አረንጓዴ ሽፋን ያለበትን ግንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ መተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ግንዱ ለጠፍር የማይመች ወፍራም ሲሆንስ?

መልስ፦ በቀጭን ሲባጎ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት አስረህ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ትወረውራለህ፣ በሲባጎውም ዋናውን ገመድ ትስባለህ። ዋናው ገመድ ሰው እንዲሸከም የተሠራና ከ11 እስከ 13 ሚሊሜትር የሚወፍር ይሁን፤ ያረጀ የቃጫ ገመድ ለዚህ አይሆንም። በላዩ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ገመድ ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ የፕሩሲክን ቋጠሮ ትሠራለህ። ቋጠሮው በ1931 ባስተዋወቀው ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በካርል ፕሩሲክ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን ይነክሳል፣ ክብደቱ ሲነሣለት ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ ሁለት ቋጠሮ ሠርተህ፣ የላይኛውን ከወገብና ከጭን መታጠቂያህ፣ የታችኛውን ከእግር መርገጫ ጋር አያይዝ፤ በእግርህ ቆመህ የላይኛውን ትገፋለህ፣ በመታጠቂያህ ተቀምጠህ የታችኛውን ታነሣለህ። በተቀመጥህ ጊዜ ሁለቱም ክንዶችህ ነጻ ስለሚሆኑ ቁልቁል አንጠልጥለህ ታሳርፋቸዋለህ። አዲሱን ቋጠሮ መጀመሪያ ከመሬት አንድ ክንድ ብቻ ከፍ ብለህ በሙሉ ክብደትህ ፈትነው።

ጥያቄ፦ ቀፎውን ተሸክሜ ልውጣ ወይስ በኋላ ልሳበው?

መልስ፦ ፈጽሞ ተሸክመህ አትውጣ። ቀጭን ገመድ ብቻ ይዘህ ውጣና በቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው፤ ከታች ያለው ባልደረባህ ቀፎውን ይሳብ። እርሱም ከቀፎው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይቁም።

ጥያቄ፦ መውጣቱን ቻልኩት፤ ስወርድ ግን ክንዴ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ስትወጣ ጉልበትህን ሁሉ ስለጨረስክ ነው። ድካሙ ሳይጀምርህ በየጥቂት እርምጃው እረፍ፤ ክንድ አንዴ ከዛለ በኋላ የሚደረግ እረፍት ብዙም አይመልሰውም። በአንድ እጅህ ያዝና ሌላውን ወደ ታች አውርደህ አራግፈው፣ ከዚያም ቀይር። በፕሩሲክ የምትወርድ ከሆነ በዝግታ ውረድ፤ የናይለን ገመድ በፍጥነት ሲንሸራተት በሰበቃው ሙቀት ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ ጠብቆ ነጩን ማር ሌሊት ብቻውን ሊቆርጥ ይወጣል። ክርኑን ያመዋል፣ መውጣቱን ግን አይተውም። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ በጣም ያሳስበኛል። ማር ሌሊት የሚቆረጠው ንቡ በጨለማ ስለሚረጋ ነው፤ ይሁን እንጂ የዛለ እጅ ላይ ንብ ቢነድፈው እጁ ሳያስበው ይለቃል። ብቻውን ፈጽሞ አይውጣ፣ ቀፎውንም ከመንካቱ በፊት ራሱን በገመድ ከዋናው ግንድ ጋር ይሰር። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቀፎውን በገመድ ወደ መሬት አውርዶ ማሩን እዚያው መቁረጥ ነው። የክርኑን ሕመም በተመለከተ፣ ጡንቻን የሚያቃጥል ድካም በእረፍት ይለቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚወጋና በማግስቱም የሚቆይ ሕመም ግን ከጅማት ሊሆን ይችላል። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር፣ ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ ዛፍ አይውጣ፤ ጣቶቹ የሚደነዝዙ ከሆነም ሐኪም ይየው። በዚህ መካከል አንድ የሽግግር ቀፎ፣ ማለትም በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ ቀፎ፣ ሠርታችሁ በአጭር መደብ ላይ ብታኖሩ፣ እርሱ እያገገመ ሳለ ቤተሰቡ ከማር አይለይም።