ከብረቱ በፊት ሰኮናውን ተማር

"ብየዳ ተምሬያለሁ፣ ለጋሪ ፈረስ ጫማ እየገጠምኩ ጎን ለጎን የጌጥ ብረት ብሰራ ያዋጣኛል ወይ?" ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ያዋጣል። እኔ ቢሾፍቱ ላይ 11 ዓመቴ ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። ግን እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ይሄን ስማኝ።

1. ከብረቱ በፊት ሰኮናውን ተማር። እኔም እንዳንተ ከብየዳ ስለመጣሁ ሚስማር መምታት ምን ያቅተኛል ብዬ ነው የገባሁት። ሰኮናውን ገልብጠህ ስታየው በውጪው ግድግዳና በመርገጫው መሃል ነጣ ያለ መስመር አለ። ሚስማሩ ከዚያ ወደ ውስጥ ካለፈ ስጋ ነው። ስራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለአንድ ቡላ ፈረስ ስገጥም አራተኛው ሚስማር ቅልል ብሎኝ ገባ። ደህና የገባ ሚስማር በየምቱ ድርቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የዚህኛው ድምፅ ጠፋ። ፈረሱም እግሩን መነጨቀኝ። እኔ "አመሉ ነው" ብዬ ጫፉን አጥፌ ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን መርገጥ አቃተው። እዚሁ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ ወስደነው ሚስማሩ ሲነቀል መግል ተከትሎት ወጣ። ፈረሱ ሦስት ሳምንት ቆመ፣ የባለጋሪውን የቀን ገቢ ከኪሴ ከፈልኩ። የፈረሱ ዓይን ግን አሁንም አይወጣልኝም። ዛሬ ድምፁ ከተለወጠ ያኔውኑ እነቅላለሁ።

2. ጫማውን በሰኮናው ልክ ቀጥቅጥ እንጂ ሰኮናውን በጫማው ልክ አትሞርድ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፈትተህ፣ ያደገውን ከርክመህ መልሰህ ግጠም። ባለጋሪው "ብረቱ መች አለቀ" ይልሃል፣ እሺ እንዳትል።

3. ንግድ ፈቃድ። "እንዲህ የሚባል ዘርፍ የለም" እየተባልኩ አራት ቀን ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ በብረታ ብረት ስራ አወጣሁ። የከፋኝ ምልልሱ አይደለም። ሰራተኛው ጓደኛውን ጠርቶ "ቀጥቃጭ መጥቷል፣ ዓይኑን እንዳታይ" አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ! አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገሩ ማረሻና ማጭድ ከሳቸው ወናፍ ነው የወጣው። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ ሲገጥምህ አንገትህን አትድፋ።

ደህና ገንዘብ ያለው ጌጡ ላይ ነው። አምና ለአንድ ሎጅ የወይን ሐረግ ያለበት በር ሰራሁ፣ አንዱም ቅጠል ተቆርጦ የተበየደ አይደለም። ብየዳ የለመደ እጅ ቆርጦ መለጠፍ ይቀናዋል፣ እንዳትሸነፍለት። የዘንጉን ጫፍ አሹል፣ ከስሩ አንገት አውጣለት፣ ጠፍጥፈው፣ ከዚያ በመሮ የቅጠሉን ደም ስር አስምርለት። እንደ ብርቱካን ሲቀላ ምታው፣ ሲጠቁር ወደ እሳቱ መልሰው። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ግን እሳት ውስጥ እንዳትከት። ጭሱ ማታውን እንደ ወባ አንቀጥቅጦ አሳድሮኛል።

እዚህ አካባቢ ከሆንክ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጋሪዎቹ ሳይወጡ ና። መዶሻ አትያዝ። የመጀመሪያውን ሳምንት እግር ይዘህ ሰኮና ስትጠርግ ነው የምትውለው።