ሻዩን እሱ ያፍላው

ልጆች፣ ወደዚህ ሥራ ስትገቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ ከንፈር መምጠጥ ተዉ።

እንግሊዝ አገር ሰፖርት ወርከር፣ ማለትም ድጋፍ የሚያስፈልገውን ሰው በኑሮው የሚያግዝ ሠራተኛ፣ ለመሆን የምታስቡ የሐበሻ ልጆች በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ጎልማሶች ጋር ለንደን ውስጥ ስሠራ 22 ዓመት ሆኖኛል። ጽዳቱም መድኃኒት መስጠቱም በሥልጠና ይለመዳል። እኛን የሚያስቸግረን ሌላ ነው። እኛ የወደድነውን ሰው እናጎርሳለን። ሲቸገር ካየን ደግሞ "ምስኪን" እንልና ከእጁ ተቀብለን እንሠራለታለን። አገር ቤት ይሄ ደግነት ነው። እዚህ ግን ሰውየውን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል።

በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እደግፍ ነበር። የጠዋት ሻዩን የሚያፈላው ራሱ ነው። የሻይ ከረጢቷን ከካርቶኑ ለማውጣት ጣቶቹ እምቢ ይሉታል፣ ትወድቃለች፣ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋታል፣ ያነሳታል፣ እንደገና ትወድቃለች። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን ቀጠሮ ረፈደብንና ኩባያውን ከእጁ ወስጄ ቶሎ ጨረስኩለት። ምንም አላለኝም። ሻዩን ሳይነካ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀጠሮውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም ተማርኩ፣ ዛሬም ድረስ ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሜንታል ካፓሲቲ አክት የሚባል የ2005 ሕግ አለ፣ ደጋግማችሁ አንብቡት። ማንኛውም ጎልማሳ የራሱን ጉዳይ መወሰን ይችላል ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ አይችልም የሚል ወገን ያሳይ። ውሳኔው ለእናንተ ጅልነት ስለመሰላችሁ ብቻ አይችልም አይባልም። በገንዘቡ ሦስተኛ የአርሰናል ማሊያ ልግዛ ካለ ይግዛ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዝም እንዳትሉ። መናገር የማይችል ሰው ጠባዩ ድንገት ሲለወጥ የሆነ ቦታ እያመመው ሊሆን ይችላል። የምደግፋት ሴት ምግብ ትታ ጉንጯን በጥፊ መምታት ጀመረች። ሐኪሙ ከነበረባት ችግር የመጣ ነው ብሎ መለሰን። እኔ ግን አውቃታለሁ፣ እንዲህ አታደርግም ነበር። ይዣት ተመለስኩ፣ ተከራከርኩ፣ በመጨረሻ ሲታይ ጥርሷ ሥሩ መግል ይዟል። ስንት ቀን በዚያ ሕመም እንደቆየች ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። የሆድ ድርቀትም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በዚሁ አገር ሰው ሞቶበታል። ሽንት ቤት የሄዱበትን ቀን መመዝገብ አትፈሩ፣ አትናቁትም። የዓመት የጤና ምርመራቸው እንዳያልፍ ጂፒውን፣ ማለትም የሰፈር ሐኪማቸውን፣ ወጥራችሁ ያዙ፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ ይገባቸዋል።

ስለ ክፍያም ልንገራችሁ። ስሊፕ ኢን የሚሉትን፣ ሰውየው ቤት ተኝታችሁ የምታድሩበትን የማታ ሺፍት ሳትፈርሙ በፊት ውሉን እዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 እንደወሰነው፣ ተኝታችሁ ለምታሳልፉት ሰዓት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም፣ የሚቆጠረው ለሥራ የነቃችሁበት ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሳችሁ ሰዓቱን ጻፉ። ይሄ ሥራ እንዲህ በርካሽ መያዙ ልክ አይደለም፣ ለማናጀሮቼም ሁልጊዜ እላለሁ።

ሌላው ሰዓት ማክበር ነው። ከቀራችሁም ቀድማችሁ ደውሉ፣ የሚተካችሁ ማን እንደሆነ ለምትደግፉት ሰው ይነገረው። አሁን የምደግፈው ሰው ጠዋት ማን እንደሚመጣ ለማየት ካፖርቱን ለብሶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።