ስማቸውን ሳናውቅ ነፍሳትን ብንቆጥር ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በጋራ የምናለማው የአትክልት ቦታ አለን። ጥቂት አባላት እዚያ ያሉትን ነፍሳት፣ ሸረሪቶችና ትሎች በበጎ ፈቃድ ልንመዘግብ ተነስተናል። ግን ማናችንም የባዮሎጂ ሰው አይደለንም፣ የአብዛኞቹን ስም አናውቅም። አንዳንዱ ደግሞ «ተባይ ይረጫል እንጂ ይቆጠራል እንዴ?» ይለናል። ልፋታችን ትርጉም አለው? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አለው፣ በጣም! ጀርመን ውስጥ ክሬፌልድ በምትባል ከተማ የነፍሳት ወዳጆች ማኅበር አለ። ብዙዎቹ አባላት ሥራውን የሚሠሩት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። ከ1989 እስከ 2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በ63 ጥብቅ ቦታዎች አንድ ዓይነት ወጥመድ እየተከሉ የያዙትን ይመዝኑ ነበር። ልብ በሉ፣ ወሳኙ ቁጥር የተገኘው እያንዳንዱን በስሙ ከመለየት ሳይሆን ከሚዛን ነው። በ27 ዓመት ውስጥ የበራሪ ነፍሳት ክብደት ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱ የታወቀው እንዲህ ነው። ዓለም የደነገጠው ሰዎቹ ዓመት ከዓመት ዘዴያቸውን ስላልቀየሩ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ስም ሳይሆን ወጥነት ነው። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የደቂቃ ብዛት።

በአበባ ጀምሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አበባ ያለበት ቦታ ምረጡና 10 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አበባው ላይ የሚያርፈውን ሁሉ በየወገኑ ቁጠሩ፦ ንብ፣ ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ ተርብ፣ ጉንዳን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ንብ የሚመስሉ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዝንቦች አሉ። ዝንብ ክንፏ ሁለት ብቻ ነው፣ የንብ አራት። ዓይኗም ጭንቅላቷን ሊሸፍን ምንም አይቀረው። ምንም ካላረፈ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፣ ዜሮውን እንዳትዘሉት!

ለቁጥቋጦ ነጭ ጨርቅ ከሥር ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግና ጨርቁ ላይ የሚወድቁትን መቁጠር ነው። መሬት ላይ ለሚሄዱት ደግሞ አንድ ኩባያ ቅበሩ፣ አፉ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፣ ትንሽ ከፍ ካለ ዞረውት ይሄዳሉ። ውሃ እንዳይቋጥር ሥሩን ብሱት፣ ከላይ ከፍ ያለ ክዳን አድርጉለት፣ እርስ በርስ እንዳይበላሉም መደበቂያ ቅጠል ጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት አይታችሁ ልቀቋቸው። እግር መቁጠር ብቻ ብዙ ይነግራችኋል፦ 6 ከሆነ ነፍሳት፣ 8 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሸረሪት ወይም ዘመዷ። ድንጋይ ስታነሱ የምታገኟት 14 እግር ያላት ግራጫዋ ደግሞ የሸርጣን ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለችም።

«ይረጭ» የሚለውን ሰው ጨርቁን እንዲይዝላችሁ ጥሩት። ክሽክሽ (የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የወረረው ተክል ላይ ረዘም ያለች፣ ጥቁር፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ለዓይን የማታምር እጭ ካያችሁ ቶሎ አትጨፍልቋት። ቀይዋ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጅነቷ እንደዚህ ነው፣ ክሽክሹን የምትበላውም እሷው ናት። መርጨት ተባዩንም በላተኛውንም አንድ ላይ ይጨርሳል፣ ክሽክሽ ደግሞ ቶሎ ስለሚራባ ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለመለየት የግድ መግደል አለብን?

መልስ፦ ለእናንተ ሥራ አያስፈልግም። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንሱ። አይናቹራሊስት በሚባለው፣ ሰዎች የዕፅዋትና የእንስሳት ፎቶ በሚጋሩበት ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ሌሎች ለመለየት ያግዟችኋል። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይለዩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው፣ እነሱን በግምት አትሰይሙ። ቀን፣ ሰዓትና የአየሩን ሁኔታ ጽፋችሁ «ጥቁር ጥንዚዛ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከጎመኑ ሥር» ካላችሁ ይበቃል።