የመኪና ጥያቄ ለጋሼ፦ የትኛው ጎማ፣ ኤቲ ወይስ ኤምቲ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ ሥራዬ የሽንኩርት ንግድ ነው። አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ሽንኩርቱን የሚጭነው አይሱዙ ነው። በፒካፑ ግን ወንጂና መተሐራ አካባቢ ማሳ ለማሳ እዞርበታለሁ። የውሃ ፓምፕ፣ ናፍጣ፣ ዘር፣ አንዳንዴም ጆንያ እጭንበታለሁ። በየሳምንቱ ደግሞ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። አሁን አራቱም ጎማዎች አልቀዋል። ሹፌሬ «ኤምቲ (የጭቃ ጎማ) ካልሆነ ክረምት ላይ ከማሳ አንወጣም» ይላል። ወንድሜ «መጀመሪያ የነበረውን የአስፋልት ጎማ ግዢ፣ ገንዘብሽን አትበትኚ» ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ኤቲ (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ጎማ) አሳይቶኝ «የጎማውን ልክ ከፍ ብናደርገው መኪናሽ ያምርበታል» አለኝ። ማንን ልስማ?
ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ነው የሚያወሩት። ጭቃ ውስጥ ወርዶ የሚገፋው ሹፌርሽ ነው። ወንድምሽ ኪስሽን ያያል። ባለሱቁ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይሸጣል፤ አይፈረድበትም። እኔ ብሆን ኤቲውን እገዛለሁ፣ ግን መኪናው ሲመጣ በነበረው የጎማ ልክ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ከሹፌርሽ ልጀምር። የኤምቲ ጥርስ ትልልቅ ነው፣ በመሀሉም ሰፊ ክፍተት አለ። ጭቃውን የሚተፋው በዚያ ክፍተት ነው። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ያው ክፍተት ዕዳ ይሆናል። መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዢ መኪናው ቶሎ አይቆምልሽም። ነዳጅ ይበላል፣ ጋቢናው ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ ቶሎም ያልቃል። አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ደርሰሽ የምትመለሺ ሰው ነሽ። ፈጣን መንገዱ ላይ እስከ 120 ይነዳል። አብዛኛው ኪሎ ሜትርሽ የሚያልቀው አስፋልት ላይ ሆኖ ሳለ ለጥቂት የጭቃ ቀን ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ኤምቲ ይዘሽ መዞር አያዋጣሽም።

ደግሞም ወንጂ ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር ሹፌርሽ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። መረሬ ሲረጥብ ጎማ አይመርጥም። መጀመሪያ ጥርሱ መሀል ይገባል። ቀጥሎ በላዩ ላይ ይደራረባል። ከዚያ ኤምቲም ሆነ ኤቲ ያው ድቡልቡል የጭቃ ኳስ ነው። አንዳንዴ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር እስኪያቅተው ይደርሳል። ያኔ የሚያወጣሽ በእንጨት መፈልፈል ብቻ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ለግማሽ ቀን ፀሐይ ቢመታው ግን የላዩ ጠንከር ይላል። ስለዚህ የክረምቱን ቀጠሮ ከሰዓት አድርጊው፤ ካልሆነም መኪናውን ጠንካራው መንገድ ዳር አቁመሽ በእግርሽ ግቢ። ቦቲ ጫማ ከጎማ ይረክሳል።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። የአስፋልት ጎማ ለአዲስ አበባው መንገድ ከሁሉም ይሻላል፤ እሱ ላይ ልክ ነው። ግን መተሐራን ረስቶታል። የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ያ ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለት ነው። ከአስፋልቱ ወርደሽ ወደ ማሳ ስትገቢ ድንጋዩ የሚያገኘው የጎማውን ጎን ነው። የአስፋልት ጎማ ጎኑ ስስ ነው። ጥርሱ ላይ የገባ ምስማር በአንድ ልጣፍ ያልፋል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን አለቀለት። ጎሚስታው «ሰፍቼ እሰጥሻለሁ» ቢልሽ እንኳ የተሰፋ ጎማ ይዘሽ ፈጣን መንገድ አትግቢ። ጥሩ ኤቲ ጎኑ ወፈር ያለ ነው፤ በተለይ ከቁጥሩ ፊት «ኤልቲ» የሚል ፊደል ያለበት። ይኼኛው ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው።

አሁን ሱቅ ስትሄጂ የምታይውን ልንገርሽ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የሾፌሩን በር ክፈቺ። በሩ ሲዘጋ የሚጋጠምበት ዓምድ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የጎማው ቁጥርና የንፋሱ መጠን ተጽፎበታል። ያንቺ 265/65 አር 17 ነው እንበል። ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። ከጎኑ 112 ኤስ የሚል ካለ፣ 112 አንዱ ጎማ የሚችለው ጭነት ነው፤ 1120 ኪሎ ማለት ነው። ኤስ ደግሞ የፍጥነቱ ጣሪያ ነው፣ በሰዓት 180። በዚሁ ልክ የሚሠራው ኤልቲ ብዙ ጊዜ 120 ይላል፤ እሱ 1400 ኪሎ ይችላል። ከወረቀቱ ያነሰ የጭነት ቁጥር ያለውን ጎማ በነፃ ቢሰጡሽ እንኳ አትቀበዪ። ፓምፕና ሙሉ በርሜል ናፍጣ ከኋላ ጭነሽ በ100 ስትሄጂ ሸክሙን የሚያውቀው ጎማው ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ኤልቲ ስትገዢ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል። ጎሚስታውን የጎማውን የንፋስ ሰንጠረዥ እንዲያይልሽ ጠይቂው።

ቀጥሎ ዕድሜው። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። 4117 የሚል ጎማ አይተሽ ባለሱቁ «የ2017 ነው እኮ፣ አዲስ ነው» ቢልሽ፣ የተሠራው በእኛ ጥቅምት 2010 ነው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ጥርሱ ሙሉ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም። ከተመረተ ሁለት ዓመት ያለፈውን ዋጋ አስቀንሺ፤ አምስት ዓመት ያለፈውን ተይው። አራቱም ላይ ተመልከቺ፤ አንዱ ብቻ አሮጌ ሆኖ የሚደባለቅበት ጊዜ አለ።

የባለሱቁ «ከፍ እናድርገው» ነገርስ? በ65 ፋንታ 70 ቢያስርልሽ ጎማው በቁመት ሁለት ሳንቲም ተኩል ገደማ ይጨምራል። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የዚያን ግማሽ፣ ከአንድ ሳንቲም ትንሽ በላይ ነው። ለዚህች ብለሽ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል፤ ጭቃ የሚያልፍበትም ቦታ ይጠባል። ቆጣሪው 120 ሲል አንቺ 124 ላይ ነሽ። ትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ የአንቺን ቆጣሪ አያይም። ይቅርብሽ።

ማርካ ላይ ብዙ አልከራከርም። ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ቢኤፍ ጉድሪች ስማቸውን ያተረፉ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው። ከነሱ ያነሰ ማርካ ሆኖ ትኩስ የተመረተና የጭነት ቁጥሩ የሞላ ጎማ ካገኘሽ፣ መጋዘን ከከረመ ስመ ጥር እሱን እመርጣለሁ።

ስለ ንፋስ ሳልናገር አልለቅሽም። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ሹፌርሽ ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ቢያወርደው ጎማው መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ብዙ ጊዜ ኤምቲ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሳይሞሉት አስፋልት ይወጣሉ። ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ ውስጡ ይላቀቃል፣ ይፈነዳል። በቆላው ሙቀት ላይ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ገዝተሽ ወንበር ሥር አስቀምጪ፤ ከማሳ ስትወጡ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ሙሉት። አዲስ አበባ በምትሄጂበት ቀን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ንፋሱን አስለኪው። በጉዞ ላይ ሞቆ ንፋሱ ከፍ ብሎ ብታይው አታስተንፍሺው፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

ከታሰረ በኋላ ባላንስና አላይመንት አሠሪ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋውሩት። ኤቲ ካልተዘዋወረ ጥርሱ እንደ መጋዝ እየሆነ ያልቃል፣ ድምፁም ይብሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲማክስ ፎር ዊል ፒካፕ አለኝ። ለአራት ጎማ ገንዘብ አልሞላልኝም። ሁለት ኤቲ ገዝቼ አሮጌዎቹን ሁለት የአስፋልት ጎማዎች ብተዋቸውስ?
ከሞጆ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ለጊዜው ይሄዳል። አዲሶቹን ከኋላ እሰራቸው። ብዙ ሰው ከፊት ያስራል፤ ዝናብ ላይ ግን የኋላው ሲከዳህ ነው መኪናው የሚዞርብህ። የፊቱ ሲንሸራተት ነዳጁን ለቀቅ ስታደርግ ይመለሳል። ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገባ። ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላው አብረው ይታሰራሉ፤ አዲስና ያለቀ ጎማ ደግሞ በዙሪያቸው ስለማይተካከሉ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጨነቃሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ያን ያህል አይጎዳም። ገንዘብ ስታገኝ የቀሩትን ሁለቱን ከዚያው ማርካ ግዛ። ካሉህ አሮጌዎች የተሻለውን ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) አድርገው፤ አሁን ከመኪናው ሥር ያለውን ስኮርታ ደግሞ አውርደህ ዶቱን ተመልከት።