ሰኞ ጠዋት የሚጮኸው ኮምፒውተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ከገዛሁት ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ያኔም ያገለገለ ነበር። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 10 ነው። ማታ ማታ ዲቫይደሩን ነቅዬ ነው የምሄደው። ጠዋት ስከፍተው ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘዋለሁ፤ ኤፍ 1 ተጫኚ ይለኛል፤ ኢንተርኔቱም እሺ አይልም። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ፣ በተለይ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ሲነሳም ወርድ እስኪከፈት አንድ ጀበና ቡና ይፈላል። ሰሞኑን ደግሞ ኮፒ ማሽኑን ሳስነሳ ጥፍት ማለት ጀምሯል። አንዱ ራም ጨምሪበት አለኝ፣ ሌላው ጣይው አለኝ። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጎርፍበት ጊዜ ደርሷል፤ አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ምን ይሻለኛል?» የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አይጣሉት። ራምም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቶሎ አይግዙ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አብዛኛው መልስ እዚያው ውስጥ አለ። የእርስዎ ማሽን አንድ ትልቅ በሽታ ያለበት አይመስለኝም። አራት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውበት ነው፤ ሦስቱ በትንሽ ወጪ የሚፈቱ ናቸው።

ማንም ሰው ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ዛሬውኑ የደንበኞችዎን ፋይል በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ ይገልብጡ። ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። የጥገና ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ተማሪ ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ይዛ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ፋይሉን ማውጣት ትቼ ዲስኩን ልጠግን ብዬ የዊንዶውሱን የዲስክ መፈተሻ አስነሳሁት። መፈተሽ ማለት የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስሮጥ ነው። ግማሽ ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሦስት ምዕራፍ ታትሞ እጇ ላይ ነበር፤ አራተኛው ሄደ። ሁለት ሌሊት አብሬያት አዲስ ጻፍን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይል ሳልገለብጥ ብሎን መፍቻ አላነሳም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ማስተካከያ ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። እርስዎ ማታ ዲቫይደሩን ስለሚነቅሉ ሌሊቱን ሙሉ ሸክሙ እሷ ላይ ነው። አሁን አልቃለች፤ ስለዚህ ጠዋት ቀኑ ይጠፋዋል። ኢንተርኔቱም እምቢ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ድረ ገጾች የደህንነት ማረጋገጫ አላቸው፤ ማረጋገጫው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ተብሎ የተወሰነ ነው። የኮምፒውተርዎ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ሲቀር ብራውዘሩ ማረጋገጫውን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ባትሪዋን ቀይረው ቀኑን ያስተካክሉ፤ ሁለቱም አብረው ይድናሉ። ማታ መንቀሉን ግን አይተዉ። የጅማ መብረቅ ምን እንደሚያደርግ እርስዎም ያውቁታል።

የሰኞው ጩኸት ግልጽ ነው። በዚህ ዴል ሁለት ጊዜ ጢጥ ማለት «ራም አላገኘሁም» ማለት ነው። ለምን ሰኞ? እሑድ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል፣ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ የአገራችን እርጥበት ደግሞ ስፌቱን እየፈለገ ይገባል። የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ላይ ስስ ቆሻሻ ይይዛል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ከመሰኪያው ጋር መነካካቱ ይላላል። ገመዱን ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ራሙን በሁለቱም ጎን ያለውን መቆለፊያ ከፍተው ያውጡት። ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹት፤ ፍርፋሪው መሰኪያው ውስጥ እንዳይገባ ራቅ ብለው ያራግፉት። መሰኪያውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ይጥረጉ። ሲመልሱት ቋ እስኪል ይጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሯቸው፤ አንዱ ሞቶ ከሆነ ያኔ ይታወቃል።

ከፍተውት እያለ ፋኑንም ይዩት። ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ (በጅማማ የማይፈላበት የት አለ) የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ፋኑ ላይ እንደ ጥቁር ብርድ ልብስ ይጋገራል። ነፋስ ብቻ አያስለቅቀውም፤ በብሩሽ መፋቅ አለበት። ሲጠርጉት ፋኑ በጣትዎ ተይዞ ይቆይ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ከተሰነጣጠቀ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ይበቃል። ሳጥኑን ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ወንበርም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ ከሲሚንቶው ከፍ ይበል። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ እየሠራ ዳንቴል አያልብሱት። ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ቢሸፍኑት ግን ከአቧራ ያድነዋል።

ኮፒ ማሽኑ ሲነሳ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ነገር አሳስቦኛል። ኮፒ ማሽን ሲነሳ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ ይስባል። ሁለቱ አንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ወረድ ይላል፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ደግሞ ያቺን ቅጽበት መሻገር ያቅተዋል። ዛሬ ኮፒ ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፣ ኮምፒውተሩን ለብቻው። መጥፋቱ ከቆመ በነጻ ተገላገሉ። ካልቆመ ተመሳሳይ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ አስገብቶ መሞከር ነው። ዲቫይደሩ ሲነኩት የሚሞቅ ከሆነም ይጣሉት፤ እሳት እንዲያስነሳ አይጠብቁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ሲገዙ ለኮምፒውተሩና ለስክሪኑ ብቻ ይሁን፤ ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር አይሰኩበት፣ አይችላቸውም።

ቀርፋፋነቱ ቀረ። ራም ጨምሪ ያለዎት ሰው ተሳስቷል ለማለት አልችልም፤ ግን ሳይለካ ነው የተናገረው። ወርድ እየተከፈተ እያለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚመጣው መስኮት ዲስክ የሚለው 100% ላይ ተጣብቆ ሜሞሪ (ራሙ ማለት ነው) ግማሽ አካባቢ ከሆነ ችግሩ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው 90% ካለፈ ራሙም አንሷል። የእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ ደጋግሜ ያየሁት የመጀመሪያውን ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራሉ። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ሺህ ትንንሽ ፋይል ነው የሚፈልገው፤ ንባቡን የሚያደርገው ክንድ ከወዲያ ወዲህ ሲሯሯጥ ጊዜው ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ 240 ወይም 256 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ ይግዙ። ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ እሱ ላይ እንደ አዲስ ይጫኑ። ቡናው ሳይፈላ ወርድ ይከፈትልዎታል። ሌላ ገንዘብ ሲገኝ ራሙን 8 ጊጋ ያድርሱት።

የድሮውን ዲስክስ? ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላ ይፈትኑት። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 12ን ደጋግመው ይጫኑ፤ ከዝርዝሩ ዳያግኖስቲክስ የሚለውን ይምረጡ። 2000-0142 የሚል ቁጥር ካወጣ ዲስኩ የራሱን ፈተና ወድቋል፤ ምንም አያስቀምጡበት። ካለፈ ለመጠባበቂያ ቅጂ ይሁንዎት።

ስለ ዊንዶውስ አንድ ነገር ይወቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል ፕሮሰሰር በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የእርስዎ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይቀራል። ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ ቢሆን በዊንዶውስ ፋንታ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ጫኑ እል ነበር። ግን እርስዎ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ፋይል አለዎት ብዬ እገምታለሁ፤ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ባሉበት ይቆዩ፤ የባንክ ሥራዎን ግን በዚህ ማሽን አይሥሩ። የተማሪ ፍላሽ ሲገባ ሳይፈትሹ አይክፈቱ። ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ካዩ ቫይረስ ነው፤ አይጫኑት። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ተደብቆ እዚያው አለ፣ አልጠፋም፤ ተማሪውን አያስደንግጡት።

ጥያቄ፦ «ላፕቶፔ ዲዲአር 3 ራም ነው የሚወስደው። ሻጩ ዲዲአር 4 ሰጥቶኝ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ይገባል አለኝ። ልሞክረው?» መምህር፣ ከኮቺ

መልስ፦ መምህር፣ እባክዎ አይሞክሩት። የሁለቱ ራሞች ክፍተት ያለበት ቦታ የተለያየ ነው፤ የተሠራውም ሆን ተብሎ እንዳይገባ ነው። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር 4 በ1.2። ቢገፉት የሚሰበረው መሰኪያው ነው፤ እሱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ነገ አሮጌውን ራም ነቅለው ይዘውት ይሂዱ። ተለጣፊው ላይ ፒሲ 3 ኤል የሚል ካለ በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ያንኑ ፊደል ያለበትን ይጠይቁ። ሻጩ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ሲነሳ ካላሳየዎት ገንዘቡን አይስጡት።