ገንዘቡ በማን ስም ነው ያለው? ለአንድ የሰፈር በጎ ፈቃድ ቡድን የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኮልፌ አካባቢ የምንኖር 14 ወጣቶች ነን። ላለፉት ሦስት ዓመታት በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ስናድስ ቆይተናል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለተማሪዎች ደብተርና ቦርሳ እንገዛለን። ከሰፈሩ ሰው፣ ከሱቆችና ከወዳጆቻችን የምናሰባስበው ገንዘብ የሚቀመጠው በአንደኛው ልጅ የግል የባንክ ሒሳብ ነው። አሁን 184,000 ብር አለ። ሰሞኑን የአንዷ አባላችን አክስት ከአሜሪካ ደውላ "በኦንላይን ላሰባስብላችሁ" አለችን። ለትናንሽ ማኅበራት ድጋፍ የሚሰጡ ኤምባሲዎች እንዳሉም ሰማን። ወረዳው "የድጋፍ ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን፣ እሱ ይበቃል" ይለናል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ "እንደ ዕድር ሁኑ፣ ከጣጣ ትድናላችሁ" ይሉናል። መመዝገብ ግዴታችን ነው? ከውጭ ገንዘብ መቀበልስ አያስጠይቀንም? ከመካከላችን ሥራ የሌላቸው ስላሉ ለእነሱ ትንሽ ክፍያ ብንሰጥስ?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ለምታደርጉት ነገር እናመሰግናለን። ሦስት ክረምት ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ መምታት ቀላል አይደለም። ጥያቄዎችሽ ብዙ ናቸው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ በመሃል እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽው ያለፍሽው ነው። ገንዘቡ በአንድ ልጅ የግል ሒሳብ ውስጥ ነው። ከዚያ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ቢሮዬ መጥተው ነበር። ገንዘብ ያዡ ጓደኛቸው በድንገት ሞተባቸው። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው ባንክ ሄዱ። ባንኩ ሒሳቡን ዘግቶ የወራሽነት ማስረጃ ጠየቀ። ማስረጃውን ማውጣት የምትችለው ደግሞ ሚስቱ ናት። እሷም ትንሽ ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት፤ ስለ ቡድኑ ገንዘብ የምታውቀው ነገር የለም። ልጆቹ በእጃቸው የነበረው የመዋጮ ደብተር ብቻ ነበር። በመጨረሻ ነገሩ በሽማግሌ አለቀ እንጂ ፍርድ ቤት ቢደርስ ማስረዳቱ ከባድ ይሆንባቸው ነበር።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ያልተመዘገበ ቡድን በሕግ ዓይን ሰው አይደለም። በስሙ ሒሳብ መክፈት፣ መክሰስ፣ ውል መፈረም አይችልም። ስለዚህ በባንኩ መዝገብ ላይ 184,000 ብሩ የልጁ ነው። ልጁ ቢሞት የውርስ ሀብት ይመስላል። ባለትዳር ከሆነና ቢፋታ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ያለን ሀብት የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፤ አይደለም የሚል ማስረዳት አለበት። የግል ዕዳ ኖሮበት ቢከሰስም የሒሳብ እገዳው የእናንተን ብር ጭምር ይይዛል። አደጋው ደግሞ ለእሱም ነው። ነገ በመካከላችሁ ጠብ ቢነሳ አንዱ ተነስቶ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት አጉድሏል ብሎ ሊከሰው ይችላል። ልጁ ንጹሕ ቢሆንም ደረሰኝ ከሌለው መከላከል ይቸገራል።

ስለዚህ ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ነገር አድርጉ። ዛሬ ወይ ነገ ተሰብስባችሁ ቃለ ጉባኤ ጻፉ። ገንዘቡ የቡድኑ እንጂ የልጁ አለመሆኑን፣ መጠኑን፣ ከምን እንደተሰበሰበና ለምን እንደሚውል ጻፉ። ልጁም ይፈርም፣ ሁላችሁም ፈርሙ። ከተቻለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አስረጋግጡት። ከዚያ በሦስት ሰው ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ክፈቱና ገንዘቡን አዛውሩ። ይህ ቡድኑን ሕጋዊ ሰው አያደርገውም። ማስረጃ ግን ይሆናል።

አሁን መመዝገብ ግዴታ ነው ወይ ወደሚለው እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የመደራጀት መብት ይሰጣል። ተሰብስባችሁ የጎረቤት ቤት ለማደስ የማንንም ፈቃድ አትጠይቁም። ነገሩ የሚለወጠው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ስትጀምሩ ነው። ሥራ ላይ ያለው ሕግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጁ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ለሚባል አደረጃጀት ቦታ ሰጥቷል። አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰባስበው ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ሲፈልጉ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ ይወስዳሉ። ፈቃዱ ለአንድ ለተወሰነ ዓላማና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ለአንድ ታማሚ ሕክምና ለሚሰበሰብ ገንዘብ ጥሩ ነው። እናንተ ግን በየዓመቱ የምትሠሩ ናችሁ። ኮሚቴ አይበቃችሁም። እስከዚያው ድረስ ሳጥን ይዛችሁ መንገድ ላይ አትውጡ።

የሽማግሌዎቹን ምክር ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። አዋጁ ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ዕድር ግን አባላቱ እርስ በርስ የሚረዳዱበት ተቋም ነው። እናንተ የምትረዱት አባላችሁን ሳይሆን ሌላውን ሰው ነው። ስሙን ብቻ ተበድራችሁ ኤምባሲ በር ላይ ብትቆሙ አትገቡም። ይልቅ የሰፈሩን ዕድር አጋር አድርጉት። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃል።

የወረዳው ደብዳቤስ? አትናቁት፤ ግን ከአቅሙ በላይ አትጠብቁበት። አዲስ አበባ ውስጥ የኅብረተሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ሥራው እስከ ወረዳ ይወርዳል። ቤታቸው የሚታደስላቸውን ሰዎች በመለየት፣ ከነጋዴውና ከድርጅቶች ቁሳቁስ በማስተባበር ይረዳችኋል። ደብዳቤው ሥራ መሥራታችሁን ይመሰክራል፣ ሕጋዊ ሰውነት ግን አይሰጣችሁም። አንድ ነገር ደግሞ ከወረዳው በጽሑፍ ውሰዱ። የምታድሱት ቤት የቀበሌ ቤት ከሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ያለፈቃድ ግድግዳ ማፍረስ አይቻልም። የግል ቤት ከሆነ ባለቤቱ ይፈርም። እናት ሞተው ቤቱ የወራሾች ሆኖ ከሆነ ወራሾቹ ይፈርሙ። "እናታችን ቤት ላይ ማን ፈቅዶላችሁ?" የሚል ልጅ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲመጣ አይቻለሁ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ማኅበር ሆናችሁ ተመዝገቡ ነው። በአዋጁ ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሌላው አማራጭ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው። ሁለት መሥራቾች ይበቁታል፤ ሥልጣኑ ግን በቦርዱ እጅ ነው። እናንተ 14 ሰዎች በእኩል ስትለፉ ስለኖራችሁ ማኅበር ይስማማችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለሆናችሁ የሚመዘግባችሁ የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ቡድን ቢሆን ኖሮ የክልሉ ሕግና የክልሉ መሥሪያ ቤት ይመለከተው ነበር።

የምታቀርቡት የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ መታወቂያ፣ የማኅበሩ ስም፣ ዓላማ፣ አድራሻና መተዳደሪያ ደንብ ነው። ባለሥልጣኑ ማመልከቻችሁ ከተሟላ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን ያሳውቃችኋል፤ ለባለሥልጣኑ ቦርድ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይግባኝ አለ።

እባካችሁ ደንቡን ከሌላ ማኅበር አትገልብጡ። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው በዚህ ነው። ማን ይፈርማል? ሁለቱ ፈራሚዎች ቢጣሉስ? ሊቀመንበሩ ስንት ዓመት ይቆያል? የአንድ አባል እናት ቤት ቢታደስ ውሳኔው ላይ አባሉ ድምፅ ይሰጣል? ሒሳቡን ማን በየስንት ጊዜው ያያል? እነዚህን በራሳችሁ ቋንቋ ተነጋግራችሁ ጻፉ። አንድ ቅዳሜ ቢፈጅባችሁ ነው።

የውጭ ገንዘብ ፍርሃታችሁ ሥር አለው። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩትን ከ10 በመቶ በላይ የውጭ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር። ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ በሰው ውስጥ አለ። የ2011 አዋጅ ግን ያንን ሽሮ፣ የተመዘገበ ድርጅት ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም፣ ገንዘብ መጠየቅና መቀበል እንደሚችል ደንግጓል። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ይፈቅዳል። ትርፉ ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም።

አሜሪካ ያለችውን የአባላችሁን አክስት ነገር በጥንቃቄ ያዙት። ጎፈንድሚ የሚባለው የኦንላይን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ኢትዮጵያ ላለ ሒሳብ በቀጥታ አይከፍልም። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው አሜሪካ ባለው በእሷ ሒሳብ ነው። ለሰጪዎቹም ለድረ ገጹም ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሰጪዎቹ የግብር ቅናሽ የሚያገኙት እዚያ አገር በበጎ አድራጎት በተመዘገበ ድርጅት በኩል ከሰጡ ነው፤ ለግለሰብ ከሰጡ አያገኙም። ይህን አስቀድማ ትንገራቸው። እናንተ ደግሞ ለምን ሥራ፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደሚሰበሰብ ጽፋችሁ ስጧት። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በባንክ ይግባ። "በጥቁር ገበያ ብንመነዝረው ይበዛል" የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። ሕገወጥ ነው፤ ደረሰኝም የለውም። ደረሰኝ የሌለውን ገንዘብ ደግሞ በሪፖርት ላይ ምን ብላችሁ ትጽፉታላችሁ?

ኤምባሲዎችን በተመለከተ፣ የጃፓን መንግሥት ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ፣ የካናዳ የአካባቢ ተነሳሽነቶች ፈንድ፣ የአውስትራሊያ ቀጥተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ይታወቃሉ። ጥሪ ሲወጣ ቀነ ገደቡ አጭር ስለሚሆን ወረቀታችሁ ቀድሞ ይዘጋጅ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ያለፈ ሥራ ሪፖርት ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሳይቀሩ ወደ እነዚህ በሮች እየሮጡ ነው። ስለዚህ የአዲስ ማኅበር ተስፋ በውጭ ገንዘብ ላይ ብቻ አይቁም። የ1113 አዋጅ ራሱ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ አንዱ ዓላማው በጎ ፈቃደኝነትን ማበረታታት ነው። ስትመዘገቡ ባለሥልጣኑን ስለዚህ ፈንድ ጠይቁት። ሌላው አማራጭ የቆየ የተመዘገበ ድርጅት ካለ በእሱ ሥር ሆኖ አንድ ፕሮጀክት መሥራት ነው፤ ግን በቃል አይሁን፣ በስምምነት ሰነድ ይሁን።

የድጋፍ ውል ሲመጣ ደስታ አያስቸኩላችሁ። ያልተጠቀማችሁበት ገንዘብ ይመለሳል ወይ? ዕቃ ስትገዙ ስንት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የማን ይሆናል? እነዚህ ሦስቱ አንቀጾች ላይ ነው ማኅበራት የሚሰናከሉት። እስኪ አንብቡት፤ ካልገባችሁ አስነብቡት።

የክፍያው ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሥራ የሌለው ወጣት ክረምቱን ሙሉ ሲለፋ ምሳውን ማን ይቻል? አባል ስለሆነ ብቻ ገንዘብ መስጠት አይቻልም። ለተወሰነ ሥራ በውል መቅጠርና የሥራውን ዋጋ መክፈል ግን ይቻላል። ግንበኛ ከሆነ እንደ ግንበኛ ይከፈለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ውሳኔው ላይ ድምፅ አይሰጥም። ቋሚ ሠራተኛ ከቀጠራችሁ የሥራ ግብር ትቀንሳላችሁ፤ ጡረታም ሠራተኛው 7፣ ማኅበሩ 11 በመቶ ይከፍላል። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ በደረሰኝ ይተካ።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ዓመታዊ ገቢያችሁ 500,000 ብር ቢሆን ለቢሮ ኪራይ፣ ለአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለኦዲት፣ ለኢንተርኔት የምታወጡት ከ100,000 ብር ማለፍ የለበትም። ቆርቆሮውና ሚስማሩ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የፕሮጀክቱ ወጪ ነው። ስለዚህ ቢሮ ለመከራየት አትጣደፉ። የዕድሩን አዳራሽ ለምኑ። በጀት ዓመቱ ካለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ ታቀርባላችሁ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ላንሳ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ልጅ ቢወድቅስ? ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ያለወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አታሰማሩ፤ ከፍታ ላይ ደግሞ በፍጹም አታውጧቸው። ኤምባሲው በጀት አቅርቡ ሲላችሁ የአደጋ መድንና የራስ ቁር የሚል መስመር አስገቡበት። ብዙ ቡድኖች ይህን ይረሱታል።

ቃለ ጉባኤውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ረቂቅ ደንቡን ላኩልኝ፤ ያለ ክፍያ አየዋለሁ። ገንዘብ ያዡ ልጅ ደግሞ የሦስቱን ዓመት ደረሰኞች አሁኑኑ በየዓመቱ ለይቶ በካኪ ፖስታ ያስቀምጥ።