ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ሲበቃ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ለሥራ መመላለሻ የማሽከረክራት ትንሽ የቤት መኪና አለችኝ፤ ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎችን ነው። የጎማዋ ቁጥር 185/65 አር 15፣ 88 ኤች ይላል። የፊቶቹ በውስጥ ጠርዛቸው ሙልጭ ብለው አልቀዋል፤ የኋላዎቹ ግን ገና ጥርስ አላቸው። አሁን በእጄ ያለው ለሁለት ጎማ የሚሆን ነው። አንድ ነጋዴ ታዋቂ ስም ያለው ያገለገለ ጎማ በግማሽ ዋጋ፣ ሌላው ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አዲስ ጎማ፣ ሦስተኛው ደግሞ 195/65 አር 15 በቅናሽ አቅርበውልኛል። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ከሦስቱ ያገለገለውንና 195ቱን ይተዉ። አዲሱ ግን ከታች የማነሳቸውን ካሟላ ይበቃዎታል። ከግዢው በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀድማል። የፊት ጎማዎችዎ በውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ማለቃቸው የጎማው ጥራት ጉድለት አይደለም፤ መኪናዋ ራሷ እየበላቻቸው ነው። ያ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ጎማ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ በዚያው መንገድ ያልቃል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና አቋቋም መዛባት ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ትንሽ ወደ ውጭ ተከፍተው ሲቆሙ፣ ወይም ላያቸው ወደ ውስጥ ሲያዘነብል፣ ክብደቱ በውስጥ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። መዳፍዎን በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርገው ያንሸራቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ከመንከባለል ይልቅ እየተጎተተ ሲሄድ ቆይቷል። (የውስጥ ሽቦው ብቅ ካለ ግን በእጅዎ አይንኩት፤ ይቆርጣል።) ቀጥሎ መኪናዋን በክሪክ አስነስተው፣ ድጋፍ አስገብተው፣ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ይነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ ላልቷል ማለት ነው። ላይና ታች ተይዞ የሚነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታውን ወይም ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። የላላ ዕቃ እያለ የሚሠራ አላይመንት ከጋራዡ ሲወጡ ይበላሻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የላላው ይቀየራል፣ አዲሱ ጎማ ይገጠማል፣ በዚያው ቀን አላይመንት ይሠራል።

ሌሎቹን ምልክቶች በአጭሩ ልጥቀስ። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሃሉ ከተረፈ ነፋስ ያንሰው ነበር። መሃሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ ይበዛበት ነበር። እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ካለቀ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል ወይም ባላንሱ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑ) ተዛብቷል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ነው፤ የስፋቱ 65 በመቶ ማለት ነው። አር ራዲያል (የጎማው የውስጥ ክር አሠራር ዓይነት)፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን 88 ኤች ነው። 88 አንዱ ጎማ እስከ 560 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይናገራል። በተመሳሳይ ልክ 84 የተጻፈበት ጎማ ቢያገኙ የሚሸከመው 500 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን ከልኩ በላይ ይሠራል፤ ይሞቃል፣ ጎኑ ይደክማል። የጭነት ቁጥሩ ከተጻፈልዎት ከፍ ቢል ችግር የለውም፤ ዝቅ ማለት ግን የለበትም። የመኪናዋን ትክክለኛ ልክና የነፋስ መጠን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያንብቡ። አሁን የተገጠመውን ጎማ ብቻ አይመኑ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

በቅናሽ የቀረበልዎት 195/65 የሚታየው ልዩነት 10 ሚሊ ብቻ ቢሆንም ቁመቱም አብሮ ይጨምራል። የእርስዎ ጎማ ሙሉ ዲያሜትር ወደ 621 ሚሊ ሲሆን የዚያኛው ከ634 ያልፋል፤ 2 በመቶ ይበልጣል። ፊት ላይ ቢገጠም፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ወይም መኪናዋ ተጭና ጉድጓድ ስትገባ ጎማው የመከለያውን ፕላስቲክ ሊፍቅ ይችላል። ሁለቱን ልክ ከፊትና ከኋላ አደባልቆ መሄድም ለኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ለሚያደርገው ሥርዓት) የተሳሳተ የፍጥነት ንባብ ሊሰጠው ይችላል። ቸርኬዎ 5 ኢንች ስፋት ያለው ከሆነ ደግሞ ለ195ቱ ይጠብበታል፤ እሱ ቢያንስ 5.5 ይፈልጋል። ቅናሹ ለሌላ መኪና ይሁን።

ያገለገለው ጎማ ላይ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ገደማ ይጠልቃል። በብዙ አገሮች ሕግ የመጨረሻው ወለል 1.6 ሚሊ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ቲ.ደብሊው.አይ. በሚል ምልክት የሚጠቆሙት ጉብታዎችም በዚያው ከፍታ ላይ ናቸው። ነገር ግን ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሲወርድ በዝናብ ውኃውን አስወጥቶ አስፋልት የመቆንጠጥ አቅሙ በግልጽ ስለሚቀንስ፣ ለጥንቃቄ መጨረሻውን 3 እንበል። እንግዲህ አዲሱ 5 ሚሊ ይሰጥዎታል። በግማሽ ዋጋ የቀረበው ባለ 5 ሚሊ ያገለገለ ጎማ ግን የሚሰጥዎ 2 ሚሊ ብቻ ነው። የዋጋውን ግማሽ ከፍለው ከዕድሜው ከግማሽ በታች ይወስዳሉ፤ የመግጠሚያና የባላንስ ክፍያውም ቶሎ ይደገማል። ባለ 5 ሚሊው ከአዲሱ ሲሶ ዋጋ በታች ካልወረደ ርካሽ አይባልም።

የግድ ያገለገለ ከሆነ፣ ከቸርኬው ወልቆ ውስጡን ሳያዩ አይክፈሉ። ነፋስ ሳይኖረው የተነዳ ጎማ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ከውስጥ ግን በጎኑ ዙሪያ የመታጠፍ ቀለበት ይታያል፣ ጣትዎን ሲያሳልፉበትም ጥቁር የጎማ ብናኝ ይይዛል። እሱን አይግዙ። ጎኑን አጠፍ አድርገው ቀጫጭን ስንጥቆችን ይፈልጉ፤ ጥቁር ቅባት የተቀባ ከሆነ በጨርቅ አስጠርገው ይዩ። የትም ቢሆን እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ጥርሱ በጋለ ቢላ እንደገና ተቆርጦ ጥልቅ የሚያስመስሉትም አለ፤ በእነዚህ ላይ የቲ.ደብሊው.አይ. ጉብታዎች አብረው ተቆርጠዋል ወይም ከቦዩ ወለል በላይ ከፍ ብለው ይቀራሉ። የቤት መኪና ጎማ ለዚህ ዓይነት መቁረጥ አልተሠራም።

ስሙን የማያውቁት አዲስ ጎማ ሲሆን ከስሙ በፊት ጎኑን ያንብቡ። በክብ ውስጥ ኢ ከነቁጥሩ የተጻፈበት ጎማ የዓለም አቀፉን ደንብ ፈተና ያለፈ ነው። ከዲ.ኦ.ቲ. ቀጥሎ በሚመጣው ረጅም ኮድ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበት ጊዜ ናቸው፤ 1722 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2022፣ 17ኛው ሳምንት ነው። አራቱ አሃዞች በአንድ ጎን ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ ጎማውን አገላብጠው ይዩ። ከሁለት ዓመት ያላለፈውን ይምረጡ። መጋዘን ውስጥ አራትና አምስት ዓመት የቆየ «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ቢያንስ ዋጋው ላይ ይከራከሩበት።

በብዙ ጎማዎች ላይ ደግሞ ትሬድዌር (ጥርሱ ቶሎ አለማለቁ)፣ ትራክሽን (በእርጥብ አስፋልት ላይ መቆንጠጡ) እና ቴምፕሬቸር (ሙቀት መቋቋሙ) የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይገኛሉ። ርካሽ ጎማ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው በዕድሜው ሳይሆን በእርጥብ አስፋልት ላይ በመቆሙ ስለሆነ፣ ቅድሚያ ለትራክሽን ይስጡ፤ ኤኤ ወይም ኤ ይሁን፣ ቢ እና ሲን ይለፉ። ቴምፕሬቸሩም ኤ ይሁን። ትሬድዌሩን አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ 500 ከሌላው 400 ጋር አያወዳድሩ፤ የሚጠቅመው የአንድ ፋብሪካን ሁለት ሞዴል ለመምረጥ ነው። ለተመሳሳይ ገንዘብ የትላልቅ ፋብሪካዎችን ሁለተኛ ስሞች ማየት ተገቢ ነው፤ ላውፌን የሃንኩክ፣ ማታዶርና ባሩም የኮንቲኔንታል፣ ክሌበር የሚሽሊን ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት ለዕለት መመላለሻ መኪና የተሻለው ግዢ እዚህ መሃል ላይ ነው። በዋና ስሙ ላይ የሚጨመረውን ዋጋ ለአላይመንቱ ያውሉት።

ሁለት ብቻ ሲገዙ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ፊት ይመጣሉ። ሞተሩ የፊቱን ስለሚያዞር ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። ነገር ግን በውኃ ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው ቀለል ማለቱ ይሰማዎታል፤ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ትዞራለች፤ ያን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው። (መኪናዎ አራቱንም ጎማ የምታዞር ብትሆን ኖሮ ሁለት መግዛቱን ራሱ አልመክርም ነበር፤ የጥርስ ልዩነቱ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ማርሽ) ሊጎዳ ይችላል።) ግራና ቀኙ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሞዴሉም ጭምር።

ጎሚስታው ሲገጥም ቫልቮላውን አብሮ ይቀይር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አሮጌው ሲሰነጠቅ ግን አዲሱን ጎማ ያስተነፍሳል። ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬው ጠርዝ ከዝገት ይጠረግ፤ አለዚያ በትንሽ በትንሹ ይተነፍሳል። ለዚህ መፍትሔ ብለው ቱብለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ እንዲያስገቡ ቢነገርዎት እሺ አይበሉ፤ ከጎማው ጋር እየተፋተገ ይሞቃል፣ ሲቀደድም በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ወይም «ውጭ» የሚል ጽሑፍ ካለ በዚያው መሠረት ይገጠም። ባላንስ አይቀርም፤ ያለ እሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።

ብሎኖቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠበቁ። ለትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእርስዎን ከመመሪያ መጽሐፉ ያረጋግጡ። በአየር መሣሪያ ብቻ ጠብቆ የቀረ ብሎን መንገድ ላይ በእጅ አይፈታም፤ የፍሬን ዲስኩንም ሊያጣምም ይችላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ያስፈትሹት። ነፋሱን መኪናዋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆማ ሳለ፣ በበሩ ወረቀት መጠን ይሙሉ፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ ለመኪናዎ የታዘዘው አይደለም። 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ ወረቀቱ 2.2 ባር ካለ ወደ 32 ማለት ነው። ነድተው ሲመጡ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አያስተንፍሱ፤ ሲበርድ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ረጋ ብለው ይንዱ፤ የአዲስ ጎማ ፊት የፋብሪካ ቅባቱ እስኪለቅ ድረስ ያንሸራትታል።